የማይታዩት ትእዛዞች፦ በተርሚናል ላይ ቀለም እንዴት ይመጣል? እንዴትስ ይከለከላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሣጥን ሙቀትን በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ልኬት በአንድ መስመር ያወጣል፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበልጥ ደግሞ ተረኛው ተማሪ በቀላሉ እንዲያስተውለው ቁጥሩን በቀይ ቀለም ይጽፈዋል። ለአንድ ሳምንት ያህል በስክሪን ላይ ስንከታተለው ከቆየን በኋላ፣ ውጤቱ በስክሪን ፋንታ ወደ ፋይል እንዲገባ አደረግን። ከዚያም ሌላ ፕሮግራም ከእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያውን ቁጥር እየለቀመ ግራፍ ሠራልን።

ግራፉ እንግዳ ነበር። ሙቀቱ ቀስ እያለ እስከ 35 ዲግሪ ይወጣል፤ ከዚያ በድንገት ወደ 31 ይወርዳል፤ ለሰዓታት በ31 ላይ ዝንፍ ሳይል ይቆያል፤ ተመልሶም ወደ 35 አካባቢ ይዘላል። መጀመሪያ የጠረጠርነው የሙቀት መለኪያውን ነው። አወጣነው፤ በአዲስ ተካነው። ግራፉ ግን አልተለወጠም። ፋይሉን በ«ካት» ትእዛዝ ከፍተን ስናየው ደግሞ ምንም ስህተት አልነበረበትም፤ 34.9፣ 35.0፣ ከዚያም በቀይ 35.4፣ 36.1፣ 36.8 እያለ በሥርዓት ይቀጥላል። ዓይናችን 36.8 የሚያነበውን መስመር ፕሮግራሙ 31 ብሎ ያነበዋል ማለት ነው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ተርሚናል የሚባለው ነገር ከፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁጥር 27

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደላትን የሚይዘው በቁጥር መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «አስኪ» የተባለው የፊደል ኮድ 128 ቁጥሮች አሉት። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ ፊደል አይደሉም፤ መሣሪያውን የሚያዝዙ ናቸው። ለምሳሌ ያህል 7 ቁጥር ደወል ያስደውላል፤ 10 ቁጥር ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግራል። ይህ ሁሉ የመጣው ከቴሌታይፕ፣ ማለትም በሽቦ በተላከለት መልእክት ወረቀት ላይ ከሚጽፈው መኪና ነው። ለመኪናው የሚላከው ጽሑፍም ትእዛዝም በአንድ ሽቦ ስለሚሄድ፣ ከቁጥሮቹ ከፊሎቹ ለትእዛዝ መመደብ ነበረባቸው።

ከእነዚህ የትእዛዝ ኮዶች መካከል 27 ቁጥር የተለየ ጠባይ አለው። ስሙ «ኢስኬፕ» ይባላል፤ በኪቦርዳችን የላይኛው የግራ ጥግ ላይ ያለው ቁልፍ የዚሁ ልጅ ነው። ብቻውን ምንም አያደርግም። ትርጉሙ «ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን እንደ ጽሑፍ አትቁጠረው፤ ትእዛዝ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ የትእዛዞቹ ብዛት በ33 ሳይወሰን እንደ ልብ ሊሰፋ ቻለ።

ወረቀት ላይ የሚጽፉት መኪናዎች በመስታወት ስክሪን ባላቸው ተርሚናሎች ሲተኩ ታዲያ ይህ ነጻነት ችግር አመጣ። እያንዳንዱ አምራች ከ27 በኋላ የፈለገውን ትእዛዝ ፈጠረ። በአንዱ ተርሚናል ላይ ስክሪኑን የሚያጸዳው ኮድ በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ፊደላትን ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ1976 የአውሮፓ ኮምፒዩተር አምራቾች ማኅበር «ኤክማ-48» የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም፣ በአጭሩ «አንሲ»፣ ተመሳሳይ መለኪያ አጸደቀ። ዛሬም ብዙ ሰዎች «የአንሲ ኮዶች» የሚሏቸው ከዚህ የተነሣ ነው። መለኪያውን በሰፊው ያስለመደው ግን ወረቀቱ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1978 ዲጂታል ኢኪውፕመንት ኮርፖሬሽን ለገበያ ያቀረበው «ቪቲ 100» የተባለው ተርሚናል ነው። የሚገርመው ቪቲ 100 ራሱ ቀለም አልነበረውም፤ ጽሑፍን ማድመቅ፣ ማስመር፣ ብልጭ ድርግም ማድረግና ጥቁሩን ከነጩ መገልበጥ ብቻ ነበር የሚችለው።

ያ ብረትና መስታወት ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ሆኗል። በሊነክስም ሆነ በማክ ላይ «ተርሚናል» ብለን የምንከፍተው መስኮት እንደ እነዚያ መሣሪያዎች እንዲመስል የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10 ከወጣ በኋላ በተከታተሉት ማሻሻያዎች እነዚህን ኮዶች በራሱ መስኮት መረዳት ጀምሯል።

ቀለሞቹ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል ተደረደሩ?

አንድን ጽሑፍ ቀይ ለማድረግ ወደ ተርሚናሉ የሚላከው ይህ ነው፦ 27 ቁጥር፣ ከዚያ የግራ ማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ 31፣ ከዚያ በትንሹ የተጻፈው የላቲን ፊደል «ኤም»። ተርሚናሉ 27ን ሲያገኝ መጻፉን ያቆማል፤ ቅንፉን ሲያይ «ረዘም ያለ ትእዛዝ ሊመጣ ነው» ብሎ ይዘጋጃል፤ ቁጥሮችንና በመካከላቸው ያሉትን የላቲን ድርብ ሰረዞች ይሰበስባል፤ ፊደል ሲደርስ ትእዛዙ አለቀ ማለት ነው። የፊደሉ ዓይነት የትእዛዙን ዓይነት ይነግረዋል። «ኤም» የጽሑፍን መልክ ይመለከታል፤ ሌሎች ፊደላት ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳሉ ወይም ስክሪኑን ያጸዳሉ።

ከ30 እስከ 37 ያሉት ቁጥሮች የፊደሉን ቀለም፣ ከ40 እስከ 47 ያሉት የጀርባውን ቀለም ይወስናሉ። ቅደም ተከተላቸው ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ሳያን፣ ነጭ ነው። (ለማጀንታና ለሳያን በአማርኛ የጋራ ስም የለንም፤ የማተሚያ ቤት ሰዎች ከቀለም ማሸጊያው ላይ እንዳነበቡት ይጠሯቸዋል፤ እኛም እንዲሁ እናድርግ።) ተማሪዎች ይህን ዝርዝር በቃላቸው ሊሸመድዱት ሲታገሉ አያለሁ። ሽምደዳ አያስፈልግም፤ ሕግ አለው።

የስክሪን ቀለም የሚሠራው ከሦስት ብርሃኖች ነው፦ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። ለቀይ 1፣ ለአረንጓዴ 2፣ ለሰማያዊ 4 እንስጥ። የትኛውም ብርሃን ካልበራ ድምሩ 0 ነው፤ ይህም ጥቁር ነው። ቀይና አረንጓዴ አብረው ሲበሩ 1 እና 2 ተደምሮ 3 ይሆናል፤ ቢጫ ማለት ነው። ቀይና ሰማያዊ 5፣ ማጀንታ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ 6፣ ሳያን፤ ሦስቱም ሲበሩ 7፣ ነጭ። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ቢጫ መሆኑ የሚገርመው ካለ፣ ይህ የብርሃን ድምር እንጂ የቀለም ቅብ ውሕደት አለመሆኑን ያስታውስ። ከ30 በላይ ያለው አኃዝ እንግዲህ በሁለትዮሽ የተጻፈ የሦስት ማብሪያ ማጥፊያዎች ዝርዝር ነው።

ስምንቱ ቀለሞች ሲያንሱ ከ90 እስከ 97 ያሉት ደማቅ ዓይነቶች ተጨመሩ። ቀጥሎ 256 ቀለሞች መጡ፤ አሠራራቸውም ደስ ይላል። የመጀመሪያዎቹ 16 የቀድሞዎቹ ናቸው። ከ16 እስከ 231 ያሉት 216 ቀለሞች እያንዳንዱ ጎኑ 6 ደረጃ ያለው ኪዩብ ይሠራሉ፦ የቀዩን ደረጃ በ36፣ የአረንጓዴውን በ6 አባዝተን፣ የሰማያዊውን ጨምረን፣ በ16 ላይ እንደምራለን። ለምሳሌ ቀይ 5፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 0 ብንል 16 ሲደመር 180 ሲደመር 12፣ 208 ይሆናል፤ ብርቱካናማ ነው። የቀሩት 24 የግራጫ ደረጃዎች ናቸው። ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ ተርሚናሎች ለእያንዳንዱ ብርሃን ከ0 እስከ 255 በመቀበል 16,777,216 ቀለሞችን ያሳያሉ። ለአንድ የስህተት መልእክት ይህን ያህል ምን እንደሚሠራልን ግን አላውቅም።

ሁሉንም የሚያጠፋው 0 ቁጥር ነው። ይህን መርሳት የጀማሪዎች የታወቀ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ተርሚናሉ የመጨረሻውን ትእዛዝ እስኪሻር ድረስ ያከብራል። ቀይ ብሎ ጀምሮ ሳይመልስ የሞተ ፕሮግራም ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ቀይ አድርጎ ይተወዋል።

ወደ ፋይሉ እንመለስ

አሁን የእኛ ፋይል ምስጢር ይገለጣል። በ«ካት» ላይ የማይታዩትን ኮዶች እንዲያሳይ የሚያደርገውን «ቪ» የተባለ አማራጭ ጨምረን ስንከፍተው፣ 36.8 ብለን ያነበብነው መስመር በእውነቱ የኢስኬፕ ምልክት፣ ቅንፍ፣ 31፣ «ኤም»፣ 36.8፣ እንደገና ኢስኬፕ፣ ቅንፍ፣ 0፣ «ኤም» ሆኖ ተገኘ። 4 ባይት መሆን የሚገባው ጽሑፍ 13 ባይት ነበር። በተርሚናል ስናየው ተርሚናሉ ትእዛዙን ይፈጽማል እንጂ አያሳየንም። ግራፍ የሚሠራው ፕሮግራም ግን ተርሚናል አይደለም፤ በመስመሩ ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያ ቁጥር 31 ነው፤ 31ን ወሰደ። ቀይ የተጻፈው ልኬት ሁሉ 31 ሆነ ማለት ነው። በጣም የምንፈልጋቸው፣ አደጋን የሚያመለክቱት ልኬቶች ብቻ ተመርጠው ጠፉ።

ጉዳዩን አስጊ የሚያደርገው 31 ለሙቀት ሊታመን የሚችል ቁጥር መሆኑ ነው። ግራፍ ባንሠራና አማካዩን ብቻ ብናወጣ ኖሮ ማንም አይነቃም ነበር፤ ሣጥኑም በተገቢው ሙቀት እየሠራ ነው ተብሎ በሪፖርት ይጻፍ ነበር።

ማን ነው የሚያነበኝ?

ጥፋቱ የቀለሙ አልነበረም፤ ፕሮግራሜ አንባቢው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መቀባቱ ነበር። በዩኒክስና በዘሮቹ ሁሉ ይህን ለመጠየቅ የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሣ ሦስት በሮች ይሰጡታል፦ 0 ቁጥር የሚያነብበት፣ 1 ቁጥር ውጤት የሚያወጣበት፣ 2 ቁጥር ስለ ስህተት የሚናገርበት። በበሩ ማዶ ተርሚናል ይኑር ፋይል ወይም ሌላ ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያውቃል። «ኢዝ ኤ ቲቲዋይ» የተባለው ፈንክሽን የበሩን ቁጥር ተቀብሎ «ማዶው ተርሚናል ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ተርሚናል ከሆነ ይቀባል፤ ካልሆነ ንጹሕ ጽሑፍ ይወጣል። አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አልጻፍኩትም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በር 1 እና በር 2 ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። ውጤቱ ወደ ፋይል ሲገባ የስህተት መልእክቱ ገና ወደ ስክሪን ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ ቀለም የለሽ፣ ሌላው ባለ ቀለም መሆኑ ትክክል ነው።

ይሁንና ጥያቄው ሁልጊዜ በቂ መልስ አይሰጥም። ረዥም ውጤትን ገጽ በገጽ የሚያሳየው «ሌስ» ተርሚናል አይደለም፤ በማዶው ግን ሰው ተቀምጧል። ስለዚህ «ግሬፕ» እና «ኤል ኤስ» የተባሉት የግኑ መሣሪያዎች «ከለር» የሚባል አማራጭ አላቸው፤ ሦስት ዋጋዎች ይቀበላል። «ኔቨር» ፈጽሞ አትቀባ፤ «ኦልዌይስ» በማንኛውም ሁኔታ ቀባ፤ «ኦቶ» ራስህ ጠይቀህ ወስን ማለት ነው። ባለ ቀለም ውጤት ወደ «ሌስ» መላክ የፈለገ ሰው «ኦልዌይስ» ይላል፤ «ሌስ»ንም በትልቁ «አር» አማራጭ ያስነሣዋል፤ አለዚያ ኮዶቹ እንደ ጽሑፍ ተዘርግተው ይታያሉ። «ጊት» ይህን ሁሉ በራሱ ያሰናዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 1.8.4 ጀምሮም ያልተነካ ቅንብሩ «ኦቶ» ነው።

በስክሪፕት ውስጥ «ኦልዌይስ» መጻፍ ግን በገዛ እጅ ችግር መጥራት ነው። የ«ኤል ኤስ»ን ባለ ቀለም ውጤት እየተቀበለ ፋይሎችን የሚገለብጥ ስክሪፕት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ሲል፣ ስሙም በስክሪኑ ላይ ከፋይሉ ስም ጋር አንድ ሆኖ ሲታይ፣ የሚባክነውን ሰዓት የደረሰበት ያውቀዋል።

የተጠቃሚው ፈቃድ

ቀለም የማይፈልግ ሰውስ? አንዱ ድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ ሌላው ቀለሙ ዓይኑን ይረብሸዋል። ሃምሳ መሣሪያ ካለው ሃምሳ አማራጭ ማጥናት የለበትም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2017 «ኖ ከለር» የተባለ ስምምነት ቀረበ። በዚህ ስም የተሰየመ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ካለና ባዶ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ ቀለም አይጨምርም። ይህን የሚያስገድድ የደረጃ ተቋም የለም፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች እርስ በርስ የተስማሙበት ልማድ ነው፤ ብዙ መሣሪያዎች ግን ያከብሩታል። በተቃራኒው ተርሚናል ባይኖርም ቀለም እንዲመጣ የሚያዝዝ «ፎርስ ከለር» የሚባልም አለ፤ ውጤታቸውን በድረ ገጽ ላይ በቀለም የሚያሳዩ የፍተሻ ሰርቨሮች ይጠቀሙበታል።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ተጠቃሚው በትእዛዝ መስመሩ ላይ በግልጽ የጻፈው ከሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎቹ ይታያሉ። የተርሚናሉን ዓይነት የሚያስታውቀው «ተርም» የተባለው ቫሪያብል «ደም» የሚል ከሆነ፣ ማለትም በእንግሊዝኛ «ዲዳ» ተርሚናል ከሆነ፣ ቀለም ይቀራል። የበሩ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ተርም»ን ካነሣን ዘንድ፣ ከኋላው የቆየ ታሪክ አለ። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1978 በበርክሊ «ተርምካፕ» የተባለውን የተርሚናሎች መዝገብ ሠራ፤ እያንዳንዱ ተርሚናል ምን እንደሚችልና በየትኛው ኮድ እንደሚታዘዝ የሚዘረዝር ነው። ተተኪው «ተርምኢንፎ» ዛሬም በየሊነክሱ ውስጥ አለ፤ «ቲፑት» የተባለው ትእዛዝ ቀይን ሲጠየቅ 31ን በቃሉ አይናገርም፤ መዝገቡን ገልጦ ያያል።

ቀለም ብቻውን አይመስክር

ቀለም በተገቢው ቦታ ሲውል እንኳ የሚያየው ሰው ላያየው ይችላል። ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች መካከል 8 በመቶ ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን መለየት ይቸግራቸዋል፤ በሌሎች ሕዝቦችም፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ይህ ሁኔታ አለ። እኛ ደግሞ «ተሳካ»ን በአረንጓዴ፣ «ከሸፈ»ን በቀይ መጻፍ ልማድ አድርገናል። ስለዚህ ቃሉም ከቀለሙ ጋር ይኑር፤ ቀለም ሲነሣ መልእክቱ የማይሞት ይሁን።

የጀርባው ቀለም የተጠቃሚው እንጂ የፕሮግራሙ አለመሆኑም ይረሳል። በድረ ገጾች ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠየቀው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። በጥቁር ላይ የተጻፈ ንጹሕ ሰማያዊ 2.44 ብቻ ነው፤ በነጭ ላይ የተጻፈ ንጹሕ ቢጫ 1.07፣ ማለትም ከባዶ ወረቀት የማይለይ ነው። በጥቁር ስክሪን ላይ ሆኖ ቢጫ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሰው ጎረቤቱ ነጭ ስክሪን እንደሚጠቀም ያስብ።

ሌላም ትንሽ ችግር አለ፤ ሠንጠረዥ ሲሠራ የማይታዩት ባይቶች እንደ ፊደል ይቆጠሩና ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ስፋትን በባይት የሚቆጥር ፕሮግራም የአማርኛ ዓምዶችንም እንዲሁ ያዛንፋቸዋል። መፍትሔው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ባይት ሳይሆን በስክሪን ላይ የሚያዘውን ቦታ መቁጠር።

ከውጭ የመጣ ጽሑፍ

ተርሚናሉ የሚደርሰው ትእዛዝ ከታመነ ፕሮግራም ይሁን ከማይታወቅ ሰው ፋይል አይለይም። ከማናውቀው ቦታ ያመጣነውን ስክሪፕት በ«ካት» ስንከፍት፣ በውስጡ የተሸሸገ ኮድ ጠቋሚውን ወደ ላይ መልሶ አንድን መስመር በሌላ ሊሸፍነው ይችላል፤ ያላነበብነውን እናስነሣለን። የግኑ «ኤል ኤስ» በፋይል ስም ውስጥ ያሉ እንዲህ ያሉ ባይቶችን በተርሚናል ላይ እንዳሉ የማያወጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። «ካት» ግን የተቀበለውን እንዳለ ያወጣል። ከውጭ የተቀበለውን ጽሑፍ መልሶ የሚያሳይ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ 27 ቁጥርን አጣርቶ ማስቀረት አለበት።

የእኛ ልኬቶች ግን አልጠፉም ነበር። ትክክለኛው ቁጥር በሁለቱ ኮዶች መካከል ተቀምጧል። በ«ሴድ» ትእዛዝ ከኢስኬፕና ከቅንፍ ጀምሮ እስከ «ኤም» ያለውን ሁሉ አጠፋን፤ ግራፉንም እንደገና ሠራን። ቀጥ ያሉት የ31 ዲግሪ መስመሮች ተነሥተው በቦታቸው ጉብታዎች ታዩ፤ ከፍተኛው 37.2 ነበር። የሣጥኑ የሙቀት መቆጣጠሪያ ተስተካከለ። ያለ ጥፋቱ የተነሣው መለኪያ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።